ፈጣኑ ካርድ ለምን ፓኬት ይጥላል?

ከሃያ ዓመት በፊት በሰከንድ 10 ጊጋቢት የሚያሳልፍ ራውተር የፈለገ ተቋም ምርጫው ጠባብ ነበር። ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠራ ቺፕ የያዘ መሣሪያ ከጥቂት ታላላቅ አምራቾች ይገዛል፤ ዋጋውም ለመለስተኛ ተቋም የሚቀመስ አልነበረም። ዛሬ ያንኑ ሥራ ከገበያ የሚገዛ ተራ ሰርቨር፣ ባለሁለት ወደብ የኔትወርክ ካርድና በነፃ የሚወርድ ሊኑክስ ወይም ፍሪቢኤስዲ ይሠሩታል። የኢንተርኔት አቅራቢዎች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የዳታ ማዕከላት በዚህ መንገድ የተገነቡ ራውተሮችን በየቀኑ ያሠራሉ። 100 ጊጋቢት የሚይዙ ካርዶችም ብርቅ መሆናቸው ቀርቷል።

ስለዚህ ለውጥ ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው የዋጋው መውረድ ነው። ከዋጋው ጋር አብሮ እጅ የቀየረው ኃላፊነት ግን ብዙም አይነሳም። በቀድሞው መሣሪያ ውስጥ ፓኬት እንዴት እንደሚሰለፍ፣ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ሥራው ለማን ለማን እንደሚከፋፈል የወሰነው የአምራቹ መሐንዲስ ነው። በሰርቨሩ ላይ ይህን የሚወስነው ካርዱን የሚያስተካክለው ባለሙያ ነው፤ እሱ ካልወሰነ ከፋብሪካ የመጣው ሴቲንግ ይወስንለታል። የፋብሪካው ሴቲንግ የተሰላው ደግሞ በአብዛኛው ለሰርቨር፣ ማለትም ዳታ ተቀብሎ ለራሱ ለሚጠቀም ኮምፒውተር ነው። ራውተር ለራሱ የሚያስቀረው ነገር የለም፤ ተቀብሎ ያሳልፋል። ብዙ ገንዘብ የወጣበት ካርድ ከሚጠበቅበት በታች ሲሠራ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ልዩነት ነው ባይ ነኝ።

ችግሩ የሚጀምረው ከቆጠራው ነው። ካርድ የሚሸጠው በጊጋቢት ነው፤ ራውተርን የሚያደክመው ግን የፓኬቱ ብዛት ነው። ኬላ ላይ ፍተሻ የሚቆጠረው በተሽከርካሪ እንጂ በጭነት አይደለም፤ ተሳቢውም ባጃጁም እኩል አንድ አንድ ጊዜ ይቆማሉ። ራውተርም ትልቅ ይሁን ትንሽ ለእያንዳንዱ ፓኬት አድራሻውን ያነባል፣ የመንገድ ሠንጠረዡን ያያል፣ የመውጫ ወደቡን ይመርጣል።

ሒሳቡን ማየት ይጠቅማል። ትንሹ የኢተርኔት ፍሬም 64 ባይት ነው። ከፊቱ የሚቀድመው የ8 ባይት መግቢያና በሁለት ፍሬሞች መካከል የሚተወው የ12 ባይት ክፍተት ሲጨመሩበት ሽቦው ላይ 84 ባይት ይይዛል። ስለዚህ በ10 ጊጋቢት መስመር በሰከንድ እስከ 14.88 ሚሊዮን ፓኬት ሊመጣ ይችላል፤ በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ 67.2 ናኖሰከንድ ብቻ ነው። 1500 ባይት በሚሸከሙ ትላልቅ ፓኬቶች ከሆነ ግን ያው መስመር የሚሞላው በሰከንድ 812 ሺህ ገደማ ፓኬት ነው፤ በመካከላቸው ያለውም ጊዜ 1,230 ናኖሰከንድ ይሆናል። ሁለቱም 10 ጊጋቢት ናቸው። የሥራው ጫና ግን ከ18 እጥፍ በላይ ይለያያል።

በ3 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ፕሮሰሰር በ67.2 ናኖሰከንድ ውስጥ 200 ገደማ የሰዓት ምት ያገኛል። የሚፈልገው መረጃ ካሽ በሚባለው የራሱ ፈጣን ማከማቻ ውስጥ ካልተገኘና ወደ ዋናው ሜሞሪ መሄድ ካለበት፣ ያ አንድ ጉዞ ብቻ ከ70 እስከ 100 ናኖሰከንድ ሊወስድበት ይችላል። አንዲት የሜሞሪ ጉዞ የአንድን ፓኬት ጠቅላላ ጊዜ ትበላለች ማለት ነው። ካርድ ስለማስተካከል የሚነገረው ሁሉ ከዚህ ጥበት ይመነጫል።

ትናንሽ ፓኬቶች ደግሞ የፈተና ጥያቄ ብቻ አይደሉም። የድምፅ ጥሪ በትናንሽ ፓኬት ይሄዳል፤ የዲ.ኤን.ኤስ. ጥያቄም እንዲሁ፤ እያንዳንዱ ትልቅ ፋይል ሲወርድ በተቃራኒው አቅጣጫ የ"ደርሶኛል" ምላሾች ይጎርፋሉ። ከሁሉም በላይ ጥቃት የሚፈጽሙ ሰዎች መርጠው የሚልኩት ትናንሾቹን ነው፤ በትንሽ ባንድዊድዝ ብዙ ድካም ያደርሳሉና። በፍጥነት መለኪያ 9.4 ጊጋቢት አሳየ ተብሎ የተመረቀ ራውተር፣ በትናንሽ ፓኬቶች ጎርፍ ከዚያ እጅግ ባነሰ ትራፊክ ሊወድቅ የሚችለው ለዚህ ነው።

ይህ ችግር የቆየ ነው። በቀድሞው አሠራር ካርዱ አንድ ፓኬት በደረሰው ቁጥር ፕሮሰሰሩን በኢንተራፕት ያቋርጠው ነበር። ፕሮሰሰሩ የያዘውን ሥራ ትቶ ፓኬቱን ይቀበላል፣ ያስቀምጣል፣ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1996 ጄፍሪ ሞጉልና ኬ. ኬ. ራማክሪሽናን ይህ አሠራር ጫና ሲበዛበት ምን እንደሚሆን በጥናት አሳዩ። የሚገባው ፓኬት ከአንድ ደረጃ ሲያልፍ የሚወጣው ባለበት አይቆምም፤ ይቀንሳል፣ እየቀነሰም ወደ ዜሮ ይጠጋል። ፕሮሰሰሩ ጊዜውን ሁሉ ለመቀበል ስለሚያውለው ለማሳለፍ የሚተርፈው የለም። የተቀበለውን ሁሉ መልሶ ይጥላል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ማሽኑ በሙሉ ኃይሉ እየሠራ ነው፤ በሌላኛው ወደብ ግን ምንም አይወጣም። ይህን ሁኔታ ያየ ባለሙያ ብዙ ጊዜ "ሃንግ አድርጓል" ብሎ ያጠፋውና ያስነሳዋል። ሲነሳ ደህና ይመስላል፤ ጫናው ሲመለስ ይደገማል።

የሊኑክስ መልስ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ጀማል ሀዲ ሳሊም፣ በስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የነበረው ሮበርት ኦልሰንና አሌክሲ ኩዝኔትሶቭ "ናፒ" የሚባለውን አሠራር አቀረቡ። የመጀመሪያው ፓኬት ሲመጣ ካርዱ አንድ ጊዜ ያቋርጣል። የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ወዲያው የዚያን ካርድ ኢንተራፕት ያጠፋና ራሱ እየሄደ ወረፋውን ያያል፤ በአንድ ዙር ቢበዛ 64 ፓኬት ያነሳል፤ ወረፋው ባዶ ሲሆን ኢንተራፕቱን መልሶ ይከፍታል። ትራፊኩ ሲበዛ የማቋረጡ ብዛት ያንሳል እንጂ አይጨምርም። ከአቅም በላይ የመጣው ደግሞ እዚያው ካርዱ ላይ፣ ፕሮሰሰሩን ምንም ሳያስከፍል ይወድቃል። የተራ ኮምፒውተር ራውተርነት የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው፤ ሥራው የሚገባውን ያህል ስም ያገኘ አይመስለኝም። ኦልሰን ራውተር የሚፈተንበትን "ፒኬቲጄን" የተባለ የፓኬት ማመንጫም በሊኑክስ ከርነል ውስጥ በመሥራት ይታወቃል።

ከዚያ በኋላ የፕሮሰሰሮች የሰዓት ፍጥነት ማደጉ ተገታ። አምራቾች ፍጥነት በመጨመር ፈንታ ኮር ማብዛት ጀመሩ። ካርዶችም ተከተሉ፤ በአንድ ካርድ ውስጥ ብዙ ወረፋዎች ተሠሩ፣ እያንዳንዱ ወረፋም የራሱ ኢንተራፕት አለው፣ ለአንድ ኮርም ሊመደብ ይችላል። የትኛው ፓኬት ወደ የትኛው ወረፋ እንደሚሄድ የሚወስነው አር.ኤስ.ኤስ. የተባለው ዘዴ ነው። ካርዱ የላኪውን አድራሻ፣ የተቀባዩን አድራሻና የሁለቱን ወደብ ቁጥሮች ወስዶ ያሰላል፤ የወጣው ውጤት ወረፋውን ይመርጣል። የአንድ ግንኙነት ፓኬቶች ሁልጊዜ ያንኑ ውጤት ስለሚሰጡ ሁልጊዜ ወደ ያው ኮር ይሄዳሉ፤ ቅደም ተከተላቸውም አይዛባም።

ዘዴው ሲሠራ ድንቅ ነው። ሳይሠራ ሲቀር ግን ዝም ብሎ ነው የሚቀረው። 16 ኮር ያለው ማሽን እናስብ። ደንበኞች "ኔት ይቆራረጣል" እያሉ ይደውላሉ። ባለሙያው የማሽኑን ሁኔታ ሲያይ የፕሮሰሰሩ አጠቃላይ አጠቃቀም 6 በመቶ ነው። "ማሽኑ ምንም አልነካውም" ይልና ጥፋቱን መስመሩ ላይ ይፈልጋል። አጠቃላዩን ትቶ ኮር በኮር ቢዘረዝረው ግን አሥራ አምስቱ ሥራ ፈት ሆነው አንዱ 100 በመቶ ተወጥሮ ያገኘዋል፤ ከ16 አንዱ ማለት ደግሞ 6 በመቶ ገደማ ነው። የሊኑክስን የኢንተራፕት ሠንጠረዥ ቢከፍት ይህንኑ በዓይኑ ያየዋል። ሠንጠረዡ ለእያንዳንዱ ኮር አንድ ዓምድ፣ ለእያንዳንዱ የካርድ ወረፋ አንድ መስመር አለው። ሁለት ጊዜ በተከታታይ ከፍቶ ቢያነጻጽር፣ በአንድ ዓምድ ሥር ያለው ቁጥር ብቻ እየናረ ሌላው ባለበት ቆሞ ይታየዋል። ደንበኞቹን ያስለቀሰው ያ አንድ ዓምድ ነው።

ለምን እንዲህ ይሆናል? አንዳንድ ጊዜ ወረፋዎቹ አልተከፈቱም፤ ካርዱ ብዙ ወረፋ መያዝ እየቻለ በአንድ ይሠራል። አንዳንድ ጊዜ ወረፋዎቹ ተከፍተው ኢንተራፕቶቻቸው ሁሉ ለአንድ ኮር ተሰጥተዋል። ኢንተራፕት የሚያከፋፍለው አገልግሎት ለጠቅላላ ሰርቨር ጥሩ ነው፤ ለራውተር ግን አጥፍቶት እያንዳንዱን ወረፋ ከአንድ ቋሚ ኮር ጋር በእጅ ማሰር የተሻለ መሆኑን በዚህ ሥራ የቆዩ ሰዎች ይስማማሉ። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ፤ ቦታውን እየቀያየረ የሚሄድ ሥራ ካሹን ያበላሻል፣ ሲበላሽም ለመመርመር ያስቸግራል።

የከፋው ግን ሁሉም ነገር በትክክል ተስተካክሎ ካርዱ ራሱ ፓኬቱን ማንበብ ሲያቅተው ነው። ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢዎች የቤት ደንበኞቻቸውን የሚያገናኙት በፒ.ፒ.ፒ.ኦ.ኢ. ነው። በዚህ አሠራር የደንበኛው ፓኬት በሌላ መጠቅለያ ውስጥ ይጓዛል። ብዙ ካርዶች ያንን መጠቅለያ አልፈው ውስጥ ያለውን አድራሻ ማየት አይችሉም። የሚሰላ አድራሻ ካላገኙ ሁሉንም ወደ መጀመሪያው ወረፋ ይወረውራሉ። አንድ ሺህ ደንበኛ፣ አሥራ ስድስት ኮር፣ አንድ ወረፋ። እንዲህ ያለ ማሽን ላይ ተጨማሪ ኮር ያለው ፕሮሰሰር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። መፍትሔው ወይ መጠቅለያውን የሚያነብ ካርድ መምረጥ ነው፣ ወይም ማከፋፈሉን ከካርዱ አንስቶ ለከርነሉ መስጠት ነው። ይህን ሁለተኛውን የጉግሉ ቶም ኸርበርት ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ2010 ሊኑክስ ውስጥ ገብቷል። እኛ ጋ በየሆቴሉና በየመሥሪያ ቤቱ የሚታየው የላትቪያው ሚክሮቲክም ውስጡ ሊኑክስ ነው፤ ይኸው ማከፋፈያ በሲስተም ማውጫው ውስጥ ከኢንተራፕቶቹ ዝርዝር ጋር ተቀምጦ ይገኛል። ስንቱ ከፍቶት ያውቃል?

የተቆራረጡ የዩ.ዲ.ፒ. ፓኬቶች ተመሳሳይ ጣጣ አላቸው። ከቁራጮቹ የወደብ ቁጥር የሚይዘው የመጀመሪያው ብቻ ስለሆነ፣ ቁራጮቹ በተለያየ ወረፋ እንዳይበታተኑ ሲባል አንዳንድ የካርድ ድራይቨሮች ለዩ.ዲ.ፒ. አድራሻን ብቻ ነው የሚያሰሉት። ውሳኔው ለሰርቨር ጥንቃቄ ነው። ነገር ግን አብዛኛው ትራፊክ በሁለት አድራሻዎች መካከል ባለ የዩ.ዲ.ፒ. ዋሻ (ተነል) ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ፣ ሁሉም ወደ አንድ ኮር ይከማቻል። ኢዝቱል በተባለው የሊኑክስ መሣሪያ በአንዲት ትዕዛዝ የወደብ ቁጥሩንም ጨምሮ እንዲያሰላ ማድረግ ይቻላል። ዋሻው ጂ.አር.ኢ. በተባለው ስልት የተሠራ ከሆነ ግን የወደብ ቁጥር የሚባል ነገር ስለሌለው ይህም አይረዳም፤ ዋሻውን ለብዙ መክፈል ወይም ለአንድ ኮር እንዲበቃ መወሰን ብቻ ይቀራል።

ፋየርዎል ያለበት ራውተር ሌላ ጥያቄ ያመጣል። የአንድ ግንኙነት የመሄጃና የመመለሻ ፓኬቶች አድራሻቸው ስለሚገለባበጥ የተለያየ ውጤት ይሰጡና በሁለት የተለያዩ ኮሮች ይያዛሉ። ሁለቱ ኮሮች አንድን የግንኙነት መዝገብ እየተቀባበሉ ሲጽፉ እርስ በርስ ይጠባበቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የደቡብ ኮሪያው ካይስት ተመራማሪዎች ሺኔ ዉና ክዮንግሱ ፓርክ የስሌቱን ቁልፍ ቁጥር በተወሰነ መልክ በመደጋገም ብቻ ሁለቱም አቅጣጫዎች ወደ አንድ ኮር እንዲመጡ ማድረግ እንደሚቻል አሳዩ። አዲስ ቺፕ አላስፈለገም፤ በሥራ ላይ ያለው ካርድ ላይ የሚጻፍ ቁጥር ነው።

አሁን ወደ ሌላኛው የሰርቨር ቅርስ ልለፍ። ካርዶች በጉዞ ላይ ያሉ ትናንሽ ፓኬቶችን አጣብቀው እንደ አንድ ትልቅ ፓኬት ለከርነሉ የሚያቀርቡበት ኤል.አር.ኦ. የሚባል ችሎታ አላቸው። ፋይል ለሚቀበል ሰርቨር ትልቅ እረፍት ነው። ለራውተር ግን ጥፋት ነው፤ የተጣበቀው ፓኬት መውጫው ወደብ ከሚፈቅደው መጠን በላይ ስለሚሆን አያልፍም፣ መጀመሪያ የነበረውን ቅርጽም መልሶ ማግኘት አይቻልም። ሊኑክስ ፓኬት ማሳለፍ ሲፈቀድለት ይህን ችሎታ ራሱ ያጠፋዋል። በፍሪቢኤስዲና በእሱ ላይ በተሠሩ ፋየርዎሎች ግን ማጥፋቱ የባለሙያው ሥራ ነው። ጂ.አር.ኦ. የሚባለው ሌላኛው ዘዴ ከዚህ ይለያል፤ እሱ ሲያጣብቅ መልሶ እንዲፈታ አድርጎ ስለሆነ በሊኑክስ ራውተር ላይ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም። ሁለቱን አደባልቆ "ማጣበቅ የተባለውን ሁሉ አጥፋ" የሚል ምክር በብዛት ይሰጣል። ትክክል አይደለም።

የወረፋው ርዝመት ላይ የሚሰጠው ምክርም እንዲሁ ጅምላ ነው። ብዙ የተለመዱ የኢንቴል 10 ጊጋቢት ካርዶች ሲነሱ ለአንድ ወረፋ 512 ቦታ ይይዛሉ፤ እስከ 4,096 ማሳደግ ይቻላል። በትናንሽ ፓኬት ሙሉ ጎርፍ 512 ቦታ የሚሞላው በ34 ማይክሮሰከንድ ነው። ፕሮሰሰሩ ለዚያች ቅጽበት ሌላ ሥራ ከያዘ ፓኬት ይወድቃል። ስለዚህ መጨመሩ ምክንያት አለው። ግን "ሁሌም ትልቁን አድርግ" ብሎ መቁረጥ ሁለት ነገር ያስከፍላል። አንደኛ፣ ከእ.ኤ.አ. 2012 ወዲህ የመጡ የኢንቴል ሰርቨር ፕሮሰሰሮች ፓኬቱን ከካርዱ በቀጥታ ወደ ካሽ ያስገባሉ፤ ለዚህ የሚመደበው ግን በተለምዶ ከካሹ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ወረፋዎቹ በዝተውና ረዝመው ከዚያ ቦታ ከተረፉ ፓኬቱ ወደ ሜሞሪ ይገፋል፤ ያ የ70 ናኖሰከንድ ጉዞ ይመለሳል። ሁለተኛ፣ በረጅም ወረፋ ላይ የሚጠብቅ ፓኬት አይወድቅም፣ ግን ይዘገያል። ጂም ጌቲስ ከእ.ኤ.አ. 2010 ጀምሮ ደጋግሞ ያስጠነቀቀበት የባፈር መንዛዛት ይኸው ነው። እኔ ከ1,024 ወይም ከ2,048 ጀምሮ፣ የሚወድቀውን እየቆጠሩ፣ ካስፈለገ ብቻ መጨመርን እመርጣለሁ።

ኢንተራፕቱ ስንት ማይክሮሰከንድ ይጠብቅ የሚለውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል፤ ሲረዝም ፕሮሰሰሩ ያርፋል፣ ሲያጥር መዘግየት ይቀንሳል፣ ከወረፋው ርዝመት ጋር ካልተመጣጠነ ግን ወረፋው ሞልቶ ይፈሳል። ካርዱ ሲጨናነቅ "ቆይ አትላክ" የሚልበት የማስቆሚያ ምልክት ራውተር ላይ ቢጠፋ ይሻላል፤ አለበለዚያ የአንዱ ወደብ መጨናነቅ ከጀርባ ያለውን ስዊች ይዞ ሌሎችንም ያቆማል። የፕሮሰሰሩ ኃይል ቆጣቢ እንቅልፍም መገደብ አለበት፤ ከጥልቅ እንቅልፍ መንቃት በአሥሮች የሚቆጠሩ ማይክሮሰከንዶች ሊወስድ ይችላል፣ ያ ደግሞ ከላይ ካየነው የ34 ማይክሮሰከንድ ሒሳብ ጋር አይሄድም።

ካርዱ የተሰካበት ቦታ ግን ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይገባዋል። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚያ ነው። 3ኛ ትውልድ ፒ.ሲ.አይ. ኤክስፕረስ በ8 መስመር በሰከንድ 63 ጊጋቢት ገደማ ያስተላልፋል፤ በ16 መስመር 126 ገደማ። 100 ጊጋቢት ካርድ ባለ8 መስመር ቦታ ላይ ከተሰካ 100 ጊጋቢትን በጭራሽ አያይም። ባለሁለት ወደብ 100 ጊጋቢት ካርድ በዚያው ትውልድ 16 መስመር ላይ እንኳ ሁለቱን ወደቦች በአንድ ጊዜ መሙላት አይችልም። የከፋው ደግሞ አንዳንድ እናት ሰሌዳዎች ላይ ቦታው በቁመቱ 16 መስመር መስሎ ውስጡ የተዘረጋው 8 ወይም 4 መሆኑ ነው። ካርዱ ይገባል፣ መብራቱ ይበራል፣ ማንም ምንም አይጠረጥርም። በሊኑክስ ካርዱ በስንት መስመርና በየትኛው ፍጥነት እንደተስማማ በአንድ ትዕዛዝ ይታያል፤ ካርድ ተቀብሎ ይህን ሳያይ ርክክብ የሚፈርም ባለሙያ ተቋሙን ይጎዳል።

ሁለት ፕሮሰሰር ባለው ሰርቨር ላይ ደግሞ እያንዳንዱ የካርድ ቦታ ከአንዱ ፕሮሰሰር ጋር ብቻ በቀጥታ ይገናኛል። ካርዱ ከአንደኛው ጋር ተሰክቶ ወረፋዎቹ በሁለተኛው ኮሮች ቢያዙ፣ እያንዳንዱ ፓኬት በሁለቱ መካከል ያለውን ድልድይ ይሻገራል። ለራውተር አንድ ጠንካራ ፕሮሰሰር ያለው ማሽን ብዙ ጊዜ ሁለት ካለው ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። በግዢ ሰነድ ላይ "ባለሁለት ፕሮሰሰር" የሚለው እንደ ጥራት ምልክት ሲጻፍ ማየት ያሳዝነኛል።

ይህን ሁሉ ካስተካከልን በኋላ የሊኑክስ ከርነል በአንድ ኮር በሰከንድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ገደማ ፓኬት ያሳልፋል። 14.88 ሚሊዮንን በዚህ ማካፈል ነው። ከዚህ በላይ ለሚፈልጉ ሌላ ጎዳና ተከፍቷል። በጣሊያን የፒዛ ዩኒቨርሲቲው ሉዊጂ ሪዞ እ.ኤ.አ. በ2012 ባቀረበው ኔትማፕ በተባለ ዘዴ፣ በ900 ሜጋኸርዝ የሚሄድ አንድ ኮር ብቻ 14.88 ሚሊዮኑን መላክ እንደሚችል አሳየ። ውጤቱ ጥፋቱ ከፕሮሰሰሩ ሳይሆን ከርነሉ በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ ከሚያደርገው ዝግጅት መሆኑን ግልጽ አደረገ። ከኢንቴል የመጣው ዲ.ፒ.ዲ.ኬ. ካርዱን ጨርሶ ከከርነሉ ነጥቆ ለፕሮግራሙ ይሰጣል፤ ከሲስኮ ወጥቶ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በክፍት የተለቀቀው ቪ.ፒ.ፒ. የተባለ ፓኬት አሳላፊ ሶፍትዌር ብዙ ጊዜ የሚሠራው በዚህ ላይ ነው። በዚያው ዓመት ሊኑክስ በራሱ በኩል ኤክስ.ዲ.ፒ.ን አስገባ፤ ፓኬቱ ገና ከካርዱ ሲወጣ፣ ከርነሉ ሳይደክምበት፣ እዚያው ይወሰንበታል። ይህን ያቀረበው እ.ኤ.አ. የ2018 ጥናት በአንድ ኮር በሰከንድ 24 ሚሊዮን ፓኬት መጣል እንደሚቻል አሳይቷል። ፌስቡክ የትራፊክ ማከፋፈያውን በዚህ ሠርቷል፣ ክላውድፍሌርም ጥቃት ይከላከልበታል።

ለማን ይሆናል? ዲ.ፒ.ዲ.ኬ. ላይ ያለ ካርድ ከከርነሉ እይታ ይጠፋል፤ የተለመዱት የመመርመሪያ መሣሪያዎች አያዩትም፣ የተመደቡለት ኮሮችም ትራፊክ ኖረም አልኖረም 100 በመቶ ይሽከረከራሉ። ለትልቅ አቅራቢ ይህ የሚከፈል ዋጋ ነው። 10 ጊጋቢት መስመር ላለው ዩኒቨርሲቲ ወይም ባንክ ግን፣ የትራፊኩ ዓይነት የተደባለቀ ስለሆነ፣ በትክክል የተስተካከለ ከርነል ይበቃዋል የሚል እምነት አለኝ። ጥቃት የሚያሰጋው ከሆነ ኤክስ.ዲ.ፒ.ን መጨመር ይችላል፤ ሌላው እንደነበረ ይቀጥላል። መሠረታዊው ሴቲንግ ሳይነካ ወደ ዲ.ፒ.ዲ.ኬ. መዝለል ግን ችግሩን ይዞ መዛወር ነው። ወረፋውና ኮሩ፣ የተሰካበት ቦታና የስሌቱ ዓይነት እዚያም ይጠብቁታል።

አለካኩም መታረም አለበት። በአንድ ግንኙነት ብቻ የሚለካ ፈተና ሁልጊዜ አንድ ወረፋ ላይ ስለሚያርፍ ስለ ራውተሩ የሚነግረው ጥቂት ነው። በሺዎች በሚቆጠሩ አድራሻዎች፣ በ64 ባይት ፓኬት፣ በሁለቱም አቅጣጫ መለካት አለበት። ፒኬቲጄንም ሆነ ሲስኮ በክፍት የለቀቀው ትሬክስ ለዚህ ያገለግላሉ፤ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። ፓኬት ሲወድቅም የት እንደወደቀ ይለይ። ካርዱ ላይ ባዶ ቦታ ጠፍቶ ከሆነ በካርዱ ቆጣሪ ይታያል፤ ከርነሉ ጊዜ አንሶት ከሆነ በየኮሩ በተለየ ቆጣሪ ይመዘገባል፤ መውጫው ወደብ ሞልቶ ከሆነም በወረፋው ቆጣሪ ይገኛል። ሦስቱ ሦስት የተለያየ መድኃኒት ይፈልጋሉ፤ በሦስተኛው ካርድ ማስተካከል ምንም አይፈይድም፣ መስመሩ በእውነት ሞልቷልና።

ይህ ነገር እኛን የሚመለከተን በቀጥታ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ፣ በዶላር የሚገዛ ማንኛውም የኔትወርክ መሣሪያ በብር ሲሰላ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በዚህ ሁኔታ "ኔትወርኩ ይቆራረጣል" ለሚለው አቤቱታ የመጀመሪያው መልስ የግዢ ጥያቄ መሆን የለበትም። ግዢ ከመጠየቁ በፊት የኮር በኮር አጠቃቀሙ፣ የኢንተራፕት ሠንጠረዡ፣ የካርዱ ቆጣሪዎችና የተሰካበት ቦታ የመስመር ብዛት በአንድ ገጽ ተጽፎ ከጥያቄው ጋር ይያያዝ። የአይቲ ኃላፊዎች ይህን ገጽ ሳያዩ እንዳይፈርሙ እጠይቃለሁ። ኔትወርክ የሚያስተምሩ ክፍሎችም ተማሪው የአምራቾችን ትዕዛዝ ከማጥናቱ ጎን አንድ ተራ ኮምፒውተር፣ ሁለት ካርድና ፒኬቲጄን ተሰጥቶት ፓኬት የሚወድቅበትን ቦታ ራሱ ፈልጎ እንዲያገኝ ያድርጉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል፤ ኮምፒውተሩም በየላቦራቶሪው አለ።